የቆየ ላፕቶፕን ግራፊክስ ድራይቨር ለፎቶ ማቀናበሪያ ማዘመን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መልሶቹ በዋናነት ዊንዶውስ 10 ወይም 11 በተጫነበት የቆየ ላፕቶፕ ላይ ፎቶሾፕን፣ ላይትሩምንና መሰሎቻቸውን ለሚጠቀሙ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ግራፊክስ ድራይቨር ምንድን ነው? ከፎቶ ማቀናበር ጋርስ ምን አገናኘው?

ግራፊክስ ድራይቨር በኦፕሬቲንግ ሲስተሙና ምስሉን ስክሪን ላይ በሚያወጣው ቺፕ መካከል ሆኖ የሚያስተረጉም ሶፍትዌር ነው። ፎቶሾፕ አንድ ምስል እንዲጎላ ሲያዝ ትእዛዙ በቀጥታ ለቺፑ አይደርስም፤ መጀመሪያ እንደ ዳይሬክትኤክስ ወይም ኦፕንሲኤል ባለ የጋራ ቋንቋ ይቀርባል፣ ድራይቨሩም ያንን ለዚያ ቺፕ በሚገባ መልክ ይተረጉመዋል። አስተርጓሚው የማያውቀው ነገር ሲመጣ ፕሮግራሙ በድንገት ይዘጋል፣ ስክሪኑ ላይ የተቆራረጠ ምስል ይወጣል፣ ወይም ፕሮግራሙ ግራፊክስ ቺፑን ትቶ ሥራውን ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር ያካሂዳል።

ቀደም ባለው ጊዜ ፎቶ ማቀናበር ከሞላ ጎደል የዋናው ፕሮሰሰር ሥራ ስለነበር የድራይቨር ጉዳይ ብዙም አያሳስብም ነበር። ፎቶሾፕ በ2008 በወጣው የሲኤስ4 ስሪቱ ምስል ማጉላትንና ሸራ ማዞርን ለግራፊክስ ቺፑ መስጠት ጀመረ፤ ላይትሩም ደግሞ በ2015 በስሪት 6 ተከተለው። በ2023 ላይትሩም ውስጥ የገባውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የኖይዝ ማጥፊያ የመሳሰሉ አዳዲስ መሣሪያዎች ፍጥነታቸው በአብዛኛው በግራፊክስ ቺፑ ላይ የተመሠረተ ነው። የቆየ ላፕቶፕ ያላቸው ሰዎች ሶፍትዌራቸውን ባደሱ ማግስት የድራይቨር ማስጠንቀቂያ የሚያዩትም ለዚህ ነው።

በላፕቶፔ ላይ ያለው የትኛው ግራፊክስ እንደሆነና የድራይቨሩን ስሪት እንዴት አውቃለሁ?

የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዘው የኤክስን ቁልፍ ሲጫኑ ከሚመጣው ዝርዝር ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ። «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» በሚለው ሥር የቺፑ ስም ይገኛል፤ ስሙን በቀኝ ክሊክ ነክተው ፕሮፐርቲስን፣ ከዚያም «ድራይቨር» የሚለውን ገጽ ሲከፍቱ ቀኑንና የስሪት ቁጥሩን ያያሉ። ሁለት ስሞች ካሉ ላፕቶፕዎ ሁለት ግራፊክስ አለው ማለት ነው። ፎቶሾፕም «ሄልፕ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ባለው «ሲስተም ኢንፎ» የሚጠቀምበትን ቺፕና ድራይቨር ይዘረዝራል፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚያየውን የሚያሳየው ይህ ስለሆነ እኔ ይበልጥ የማምነው እሱን ነው።

የኤንቪዲያ ቁጥር ሰዎችን ያደናግራል። ዊንዶውስ 31.0.15.3623 ብሎ ሲያሳይ ኤንቪዲያ ያንኑ ድራይቨር 536.23 ብሎ ይጠራዋል፤ ምስጢሩ የመጨረሻዎቹን አምስት አኃዞች ወስዶ ከሦስተኛው በኋላ ነጥብ ማስገባት ነው።

በስሙ ቦታ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ካዩ ትክክለኛው ድራይቨር ጭራሽ አልተጫነም። ቀኑም ጁን 21 ቀን 2006 ተብሎ ሲታይ አይደንግጡ፤ ማይክሮሶፍት የራሱን ድራይቨሮች ሆን ብሎ በዚህ የቆየ ቀን የሚፈርመው የአምራቾቹ ድራይቨር ምንጊዜም «አዲስ» ሆኖ እንዲቀድመው ነው።

ሁሉም ነገር ደኅና እየሠራ ከሆነ ማዘመን ያስፈልገኛል?

በአብዛኛው አያስፈልግዎትም። ለአዲስ ላፕቶፕ በየጊዜው የሚወጣው ድራይቨር አዳዲስ ጌሞችንና አዳዲስ ቺፖችን የሚመለከት ሲሆን፣ ዕድሜ ያለው ቺፕ ከዚያ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። ለማዘመን በቂ ምክንያት የምላቸው ሶፍትዌሩ የተወሰነ የድራይቨር ስሪት መጠየቁን፣ ግራፊክስ ፕሮሰሰርን የመጠቀም ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ማለቱን፣ ፎቶ ሲያጎሉ ወይም ብሩሽ ሲስቡ ስክሪኑ መቆራረጡን፣ እንዲሁም አምራቹ የደኅንነት ክፍተት የሚደፍን ስሪት ማውጣቱን ነው።

ማስረከቢያ ቀኑ የደረሰ ሥራ በእጅዎ ካለ ግን ምክንያቱ ምንም ያህል በቂ ቢሆን ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቁ።

ዊንዶውስ «የተሻለው ድራይቨር ተጭኗል» ይለኛል። ይህ በቂ አይደለም?

ይህ መልእክት የሚነግርዎ ዊንዶውስ በራሱ መዝገብ ውስጥ ከዚህ የተሻለ አለማግኘቱን ብቻ ነው። በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የሚመጡት ድራይቨሮች አምራቾቹ ለማይክሮሶፍት ያስገቧቸው ሲሆኑ፣ በአምራቹ ገጽ ላይ ካለው ስሪት ብዙ ወራት ወደኋላ የቀሩ መሆናቸው የተለመደ ነው።

ቢሆንም ለመጀመሪያ ሙከራ መጥፎ ቦታ አይደለም። በዊንዶውስ 11 ከዊንዶውስ አፕዴት ገጽ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ፣ በዊንዶውስ 10 ደግሞ እዚያው ገጽ ላይ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» የሚለው ሥር በራሳቸው የማይጫኑ ድራይቨሮች ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ብዙ ሰው ይህን ክፍል ከፍቶት አያውቅም።

ድራይቨሩን ከየት ላውርድ? ከላፕቶፑ አምራች ወይስ ከቺፑ አምራች?

መጀመሪያ የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዘው የላፕቶፑን አምራች የድጋፍ ገጽ ይመልከቱ። እዚያ ያለው ድራይቨር ለዚያ ላፕቶፕ ስክሪን፣ ለብርሃን መቆጣጠሪያ ቁልፎቹና ክዳኑ ሲዘጋ ለሚተኛበት ሁኔታ ታስቦ የተስተካከለ ነው። ችግሩ አምራቾች አንድ ሞዴል ከተሸጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገጹን ማደስ ማቆማቸው ነው፤ በመሆኑም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ላፕቶፕ ገጽ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ፋብሪካው መጀመሪያ ከጫነው እምብዛም ያልራቀ ስሪት ነው።

በዚህ ጊዜ ወደ ቺፑ አምራች፣ ማለትም ወደ ኢንቴል፣ ኤንቪዲያ ወይም ኤኤምዲ ይፋዊ ገጽ መሄድ ተገቢ ነው። ቀደም ሲል የኢንቴል መጫኛ «ይህ ድራይቨር ለዚህ ኮምፒውተር አልተረጋገጠም» እያለ ይከለክል ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ ግን ኢንቴል አጠቃላይ ድራይቨሩን በላፕቶፕ አምራቹ ድራይቨር ላይ መጫን እንዲቻል አድርጓል። ይህ የሚመለከተው በዚያን ጊዜ መደበኛ ድጋፍ የነበራቸውን ቺፖች ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በ2011 እና በ2014 መካከል በተሠሩ፣ የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ በሚፈራረቁባቸው ላፕቶፖች ላይ ሁለቱ ድራይቨሮች ተጣምረው በአንድ ጥቅል ይመጡ ነበር። በእነዚህ ላይ አንዱን ብቻ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት ጥምረቱን ሊያፈርስ ስለሚችል የላፕቶፑን አምራች ጥቅል አለመልቀቅ ይሻላል።

ድራይቨሮችን በራሳቸው ፈልገው የሚያዘምኑ ፕሮግራሞችን ልጠቀም?

አይጠቀሙ። ያለ እነሱ የማይገኝ ድራይቨር የለም፤ ብዙዎቹ ግን ያልተጠየቁትን ሶፍትዌር ያስገባሉ፣ ክፍያ ይጠይቃሉ፣ ወይም ለተመሳሳይ ቺፕ የተሠራ ነገር ግን ለእርስዎ ላፕቶፕ ያልሆነ ስሪት ይጭናሉ። የቺፕ አምራቾቹ ራሳቸው የሚያቀርቡት የማዘመኛ መሣሪያ ከዚህ የተለየ ነው፤ እሱን መጠቀም ይቻላል።

ከመጫኔ በፊት ምን ላዘጋጅ? አጫጫኑስ እንዴት ነው?

ከሁሉ በፊት አሁን እየሠራ ያለውን ድራይቨር መጫኛ ፈልገው አውርደው ፍላሽ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። የቆየ ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ ሳይታሰብ ሊነሳ ስለሚችል፣ አዲሱ ባይስማማ የሚመለሱበት መንገድ ያ ፋይል ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሲስተም ሪስቶር ነጥብ (ችግር ቢፈጠር ዊንዶውስን ወደ አሁኑ ሁኔታ መመለሻ) ይፍጠሩ፤ ዲስክዎ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን ከላፕቶፑ ውጭ ጽፈው ይያዙ፤ ስክሪንዎን በመሣሪያ ካሊብሬት አድርገው (ቀለሙን ለክተው አስተካክለው) ከሆነም የቀለም ፕሮፋይሉን ፋይል ቅጂ ያስቀምጡ። የላይትሩም ካታሎግ በድራይቨር ለውጥ አይነካም፤ ነገር ግን ባክአፕ ለመውሰድ ሰበብ ከተገኘ መጠቀሙ አይከፋም።

ከዚያ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተው፣ ክፍት ፕሮግራሞችን ዘግተው መጫኛውን ያስጀምሩ። በመሃል ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንዶች ሊጠቁር ወይም መጠኑ ሊለዋወጥ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ስለሆነ የማጥፊያ ቁልፉን እንዳይነኩ። ሲያበቃ መጫኛው ባይጠይቅም ሪስታርት ያድርጉ፣ ከዚያ የስሪት ቁጥሩ መለወጡን ያረጋግጡ።

የድሮውን ከሥሩ ነቅሎ የሚያወጣው «ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር» የተባለው መሣሪያ በብዙ ምክሮች ውስጥ እንደ መጀመሪያ እርምጃ ይነገራል። እኔ በዚህ አልስማማም። መሣሪያው ጥሩ ነው፣ ግን ተራው አጫጫን ደጋግሞ ሲከሽፍ፣ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ድራይቨሮች ብቻ በሚነሳበት ሁኔታ) ውስጥ፣ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ የሚሠራበት ነው፤ ጤናማ በሆነ ሲስተም ላይ መሞከሩ ችግር ከመፍታት ይልቅ ችግር የመፍጠር ዕድሉ ይሰፋል።

የስቱዲዮ ድራይቨርና የጌም ድራይቨር ልዩነት ምንድን ነው?

ኤንቪዲያ ከ2019 ጀምሮ ለጂፎርስ ቺፖች ሁለት ዓይነት ድራይቨር ያወጣል። «ጌም ሬዲ» የሚባለው አዳዲስ ጌሞች ሲወጡ ቶሎ ቶሎ የሚለቀቅ ሲሆን፣ «ስቱዲዮ» የሚባለው ረጋ ብሎ የሚወጣና በፈጠራ ሶፍትዌሮች ላይ ተፈትኖ የሚለቀቅ ነው። ለፎቶ ሥራ ስቱዲዮን ይምረጡ። የፍጥነት ልዩነት ግን አይጠብቁ፤ ጥቅሙ መረጋጋት ነው። ለቆየ ቺፕ የስቱዲዮ ስሪት ካልተዘረዘረ ሌላኛውን መጫን ምንም ጉዳት የለውም።

ላፕቶፔ ሁለት ግራፊክስ አለው። የቱን ላዘምን? ሶፍትዌሩስ በየትኛው እንዲሠራ ላድርግ?

ሁለቱንም ያዘምኑ፤ በቅድሚያ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራውን፣ ቀጥሎ ለብቻው ያለውን። በአብዛኞቹ እንዲህ ባሉ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተያያዘው ከፕሮሰሰሩ ጋር ካለው ግራፊክስ ጋር ነው፤ ኃይለኛው ቺፕ ምስሉን ከሠራ በኋላ ውጤቱን የሚያወጣው በዚያኛው በኩል ስለሆነ የኢንቴሉ ድራይቨር ቢያረጅ የኤንቪዲያው አዲስነት ብቻውን አያድንም።

ሶፍትዌሩን ለኃይለኛው ቺፕ ለመመደብ በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ የሚለውን ከፍተው ፕሮግራሙን ይጨምሩና «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይምረጡ። ይህ ገጽ ዊንዶውስ 10 ላይ ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው። በባትሪ ብቻ ሲሠሩ ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ሁለቱንም ቺፖች ሊያዘገይ ስለሚችል ለውጡን ቻርጀር ሰክተው ይመዝኑት።

ለእኔ ቺፕ ድራይቨር መውጣቱ ቆሞ ይሆን?

ላፕቶፕዎ ዕድሜ ካለው ቆሞ የመገኘቱ ዕድል ከፍተኛ ነው። ኢንቴል ከስድስተኛው እስከ አሥረኛው ትውልድ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ግራፊክስ በ2022 አጋማሽ ወደ ቅርስ ድጋፍ አዛውሯቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሚወጣላቸው የደኅንነትና የከባድ ስሕተት ማስተካከያ ብቻ ነው። ኤኤምዲ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጂሲኤን ትውልዶች፣ ማለትም ከራዴዮን ኤችዲ 7000 ጀምሮ እስከ አር9 ፊዩሪ ያሉትን አብዛኞቹን ቺፖች፣ በጁን 2021 ከመደበኛ ድጋፍ አውጥቷል። ኤንቪዲያ ደግሞ የፌርሚ ቺፖችን በ2018፣ የላፕቶፕ ኬፕለር ቺፖችን በአፕሪል 2019 አቁሟል፤ ማክስዌልና ፓስካል የተባሉት ትውልዶች መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 ሲያበቃ የደኅንነት ማስተካከያ እስከ ኦክቶበር 2028 እንደሚወጣላቸው ተገልጿል።

የሞዴሉ ስም ሊያታልል እንደሚችል ልብ ይበሉ። ጂፎርስ 600ኤም እና 700ኤም ተብለው ከተሸጡት የላፕቶፕ ቺፖች መካከል ኬፕለርም፣ ከእሱ የቀደመው ፌርሚም ነበሩ፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ቺፑ አዲስ ነው ማለት አይቻልም።

ድጋፍ ቆመ ማለት ቺፑ ሞተ ማለት አይደለም። ለዚያ ቺፕ የወጣውን የመጨረሻ ድራይቨር አንድ ጊዜ ፈልገው ያገኛሉ፣ ይጭናሉ፣ መጫኛውን ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ በኋላ አዲስ ፍለጋ መድከም አያስፈልግዎትም። እንዲያውም የማይለዋወጥ ድራይቨር ለፎቶ ሥራ የራሱ ምቾት አለው። አብሮ መታሰብ ያለበት ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማብቃቱ ነው።

ማክ ወይም ሊኑክስ ብጠቀምስ?

በማክ ላይ ግራፊክስ ድራይቨር የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አካል ስለሆነ ለብቻው የሚወርድ ነገር የለም፤ ማክኦኤስን ካዘመኑ ድራይቨሩንም አዘመኑ፣ ኮምፒውተርዎ አዲሱን ማክኦኤስ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩም እዚያው ይቆማል። በሊኑክስ የኢንቴልና የኤኤምዲ ድራይቨሮች ከከርነሉ (ከሲስተሙ እምብርት) እና ሜሳ ከተባለው ጥቅል ጋር ይመጣሉ፤ ለአሮጌ ቺፖች የሚሰጠው ድጋፍም ብዙውን ጊዜ ከዊንዶውስ ይልቅ ይረዝማል። ዳርክቴብል የተባለው ነፃ የፎቶ ማቀናበሪያ ግራፊክስ ቺፑን እንዲጠቀም ከፈለጉ ግን ከተራው ድራይቨር በተጨማሪ የኦፕንሲኤል ጥቅል መጫን አለበት።

ድራይቨሩን አዘምኜም ሶፍትዌሩ ግራፊክስዎ አይደገፍም ይለኛል። ለምን?

ድራይቨር ቺፑ ውስጥ ያለውን ችሎታ ያወጣል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። የአሁኖቹ ፎቶሾፕና ላይትሩም ዳይሬክትኤክስ 12 የሚችል ቺፕ ይጠይቃሉ፤ በ2012 የወጣው ኢንቴል ኤችዲ 4000 ይህን አይችልም፣ በምንም ድራይቨርም አይችለውም። ማኅደረ ትውስታም ሌላው መስፈርት ነው፤ ላይትሩም ለግራፊክስ ማፋጠኛ ቢያንስ 2 ጊጋባይት የግራፊክስ ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል። ፎቶሾፕ በበኩሉ ከወጡ ከሰባት ዓመት በላይ የሆናቸውን ግራፊክስ ቺፖች እንደማይደግፍ በመመሪያው አስፍሯል።

እንዲህ ከሆነ የሚታደሰው ድራይቨሩ ሳይሆን የሶፍትዌር ምርጫዎ ነው። ቀድሞ በደንብ ይሠራ የነበረ የፎቶሾፕ ወይም የላይትሩም ስሪት ካለዎት አይልቀቁት። አዶቢ ለደንበኞቹ በአብዛኛው የሚያቀርበው የአሁኑንና ከእሱ የቀደመውን ዋና ስሪት ብቻ ስለሆነ አንዴ ያራገፉትን መልሶ ማግኘት ላይችሉ ይችላሉ። የማዘመኛው መስኮት «የቀደሙ ስሪቶችን አስወግድ» የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርጎበት ስለሚጠብቅ፣ አዲሱን ለመሞከር ሲፈልጉ መጀመሪያ ያንን ምልክት ያንሱ።

ሌላው አማራጭ በግራፊክስ ቺፕ ላይ ያልተመሠረተ ሶፍትዌር ነው። ሮውቴራፒ ሥራውን ሁሉ በዋናው ፕሮሰሰር የሚያካሂድ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን፣ ዳርክቴብልም ኦፕንሲኤል ባይኖር ቀስ እያለ ይሠራል።

አዲሱ ድራይቨር ነገሩን አባሰው፣ ወይም ስክሪኑ ጠቁሮ ቀረ። ምን ላድርግ?

ስክሪኑ የሚታይ ከሆነ ቀላል ነው። ቀደም ሲል በተጠቀሰው የዲቫይስ ማኔጀር «ድራይቨር» ገጽ ላይ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ቢጫኑ የቀደመው ይመለሳል። ቁልፉ ደብዝዞ ከሆነ ዊንዶውስ የድሮውን አላስቀመጠም ማለት ነው፤ ፍላሽ ዲስክ ላይ ያስቀመጡት መጫኛ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ስክሪኑ ከጠቆረ በመጀመሪያ የዊንዶውስ፣ የኮንትሮል፣ የሺፍትና የቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ይህ ግራፊክስ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳል፣ የተከፈተ ሥራም አያጠፋም። ካልረዳ ሌላ ስክሪን በኬብል ያገናኙና ምስል እንዳለ ይዩ። ያም ካልሆነ ላፕቶፑ መነሳት በጀመረ ቁጥር የማጥፊያ ቁልፉን ተጭነው በመያዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ያቋርጡት፤ ዊንዶውስ መነሳት አለመቻሉን ሲረዳ የማገገሚያውን ገጽ ያመጣል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» እና «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» የሚሉትን ተከትለው በሴፍ ሞድ ገብተው ድራይቨሩን ይመልሱ። የቢትሎከር ቁልፍ የሚጠየቀው እዚህ ጋ ነው።

የመረጥኩትን ድራይቨር ከጫንኩ በኋላ ዊንዶውስ መልሶ ሌላ ይጭንብኛል። እንዴት ላስቁመው?

ይህ ብዙዎችን የሚያበሳጭ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱ ግን ያልተጠበቀ ነው። ዊንዶውስ ሁለት ድራይቨሮችን ሲያወዳድር ከቀኑ በፊት የሚያየው ድራይቨሩ ለዚህ መሣሪያ ምን ያህል በተለይ እንደተጻፈ ነው። የላፕቶፑ አምራች ያስገባው ድራይቨር የላፕቶፑን መለያ በስም ስለሚጠቅስ፣ ከቺፑ አምራች ከወረደው አጠቃላይ ድራይቨር ይልቅ የቆየ ቢሆንም እንኳ እንደ ተሻለ ሊቆጠር ይችላል።

ማይክሮሶፍት «ሾው ኦር ሃይድ አፕዴትስ» በሚል ስም ያወጣው ትንሽ መሣሪያ ያንን አንድ ድራይቨር ብቻ ለመደበቅ ያገለግላል፤ እኔ የምመርጠው ይህን ነው። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ ያለው የመሣሪያ አጫጫን ምርጫ ላይ «ኖ» ማለትም ይቻላል፤ ነገር ግን ያ የሌሎች መሣሪያዎችን ድራይቨርም አብሮ ስለሚያግድ ነገ አዲስ ፕሪንተር ሲሰኩ ለምን እንዳልሠራ ግራ ሊገባዎት ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የሚፈልጉትን ድራይቨር ኢንተርኔት አቋርጠው ይጫኑ።

ድራይቨሩን ካዘመንኩ በኋላ የፎቶዎቼ ቀለም ተለወጠ። ፎቶዎቹ ተበላሹ?

አልተበላሹም። በፋይሉ ውስጥ ያሉት የቀለም ቁጥሮች እንዳሉ ናቸው፤ የተለወጠው ስክሪኑ የሚያሳይበት መንገድ ነው። በመሆኑም መንስኤውን ሳያገኙ ፎቶዎቹን እንደገና ማስተካከል አይጀምሩ፤ ድራይቨሩ ሲስተካከል ያ እርማት ራሱ ስሕተት ይሆናል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የስክሪኑ ካሊብሬሽን ነው። ካሊብሬሽን ሲደረግ የሚወጣው የእርማት ሠንጠረዥ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ወደ ግራፊክስ ቺፑ ይጫናል፤ አዲስ ድራይቨር ሲገባ ይህ ሠንጠረዥ ሊጠፋ ወይም ፕሮፋይሉ ከስክሪኑ ጋር የነበረው ትስስር ሊፈታ ይችላል። በዊንዶውስ «ከለር ማኔጅመንት» ውስጥ ፕሮፋይሉ አሁንም የተመረጠ መሆኑን ይመልከቱ፤ የመለኪያ መሣሪያው በእጅዎ ካለ ግን እንደገና ካሊብሬት ማድረጉ ይበልጥ ያስተማምናል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኃይል ቆጣቢው ነው። የኢንቴል የስክሪን ኃይል ቆጣቢና የኤኤምዲ «ቫሪ ብራይት» በባትሪ ሲሠሩ እንደ ምስሉ ይዘት ብርሃኑንና ንፅፅሩን ይለዋውጣሉ፤ ቀድሞ አጥፍተዋቸው ቢሆን እንኳ አዲስ ድራይቨር ሁሉንም ምርጫ ወደ መነሻው ሲመልስ እነሱንም መልሶ ሊያበራቸው ይችላል። ነጭ ዳራ ያለው መስኮትና ጥቁር ዳራ ያለው መስኮት እያፈራረቁ ሲከፍቱ ብርሃኑ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ቀስ ብሎ የሚለወጥ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በኤችዲኤምአይ ኬብል የተያያዘ የውጭ ስክሪን ላይ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩ ደብዛዛ መስሎ ከታየ ደግሞ ድራይቨሩ ስክሪኑን እንደ ቴሌቪዥን ቆጥሮ ከ0 እስከ 255 ባለው ሙሉ መጠን ፈንታ ከ16 እስከ 235 ባለው የተወሰነ መጠን እየላከ ሊሆን ይችላል። በድራይቨሩ መቆጣጠሪያ ፓነል ውስጥ የውጤት መጠኑን ወደ «ፉል» ይለውጡት። እግረ መንገድዎንም የቀለም ማድመቂያ ምርጫዎች ከመነሻ ቦታቸው አለመነቃነቃቸውን ይመልከቱ።

ፎቶ እያቀናበርኩ ስክሪኑ ለአፍታ ይጠቁርና «የማሳያው ድራይቨር ምላሽ መስጠት አቁሞ ተመልሷል» ይላል። ድራይቨሩ ተበላሽቷል?

ሁልጊዜ አይደለም። ዊንዶውስ ግራፊክስ ቺፑ ለአንድ ሥራ በ2 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካልሰጠ ተሰናክሏል ብሎ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳዋል። ደካማ ቺፕ በአንድ ትልቅ ሮው ፋይል ላይ ከባድ ማጣሪያ ሲሠራ፣ ምንም ሳይበላሽ ከ2 ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ገደብ በሬጂስትሪ ማራዘም የሚቻል ቢሆንም ሕመሙን ሳይሆን ምልክቱን የሚያክም ስለሆነ እኔ አልመክርም።

ይልቅ ላይትሩም ላይ «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ግራፊክስ ፕሮሰሰሩን በ«ከስተም» አድርገው ለማሳያ ብቻ እንዲያገለግል ይተዉት፣ ለምስል ሥራና ለኤክስፖርት ግን ያጥፉት። ችግሩ ላፕቶፑ ከሞቀ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ድራይቨሩን ትተው ማራገቢያውን ያስጸዱ፤ የብዙ ዓመት አቧራና የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት በምንም ማዘመኛ አይነሱም።

ድራይቨሩ ትክክለኛው ሆኖም ሶፍትዌሩ ቀርፋፋ ነው። ሌላ ምን ይቻላል?

በደካማ ግራፊክስ ላይ ማፋጠኛውን ጨርሶ ማጥፋት አንዳንድ ጊዜ ያፈጥናል፤ በተለይ ዋናው ፕሮሰሰር ከግራፊክሱ የተሻለ ከሆነ። ያው ፎቶ ላይ፣ ያንኑ ሥራ፣ ማፋጠኛው በርቶና ጠፍቶ በሰዓት ለክተው ይወስኑ፤ ስሜት ዳኛ አይሆንም።

ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ማኅደረ ትውስታ ስለሌለው ከራም ተካፍሎ ይጠቀማል። አንድ ራም ብቻ ባለበት ላፕቶፕ ላይ ተመሳሳይ ሁለተኛ ራም መጨመር መጠኑን ብቻ ሳይሆን ግራፊክሱ መረጃ የሚቀበልበትን መስመር ስፋት ጭምር በእጥፍ ሊያሳድግ ይችላል። ይህ ከማንኛውም ድራይቨር ይልቅ የሚሰማ ለውጥ ነው። ላይትሩም ላይ ደግሞ ስማርት ፕሪቪው (የፎቶዎቹን አነስተኛ ቅጂዎች) ይሥሩና በኦሪጅናሉ ፈንታ በእነሱ እንዲያቀናብር ይምረጡ፤ ረጅሙ ጎናቸው 2500 ፒክስል ገደማ ብቻ ስለሆነ አሮጌ ቺፕም ይሸከማቸዋል።

አዲሱ ድራይቨር ከድሮው ያነሰ ችሎታ ሊኖረው ይችላል?

ይችላል፤ የታወቀው ምሳሌም ሃስዌል የሚባለው አራተኛው የኢንቴል ትውልድ ነው። ኢንቴል በዚህ ግራፊክስ ላይ የደኅንነት ክፍተት ስላገኘ ከ15.40.44.5107 ስሪት ጀምሮ ዳይሬክትኤክስ 12ን ከድራይቨሩ አውጥቶታል። በመሆኑም ትናንት ዳይሬክትኤክስ 12ን ይጠቀም የነበረ ፕሮግራም ድራይቨሩ «ከታደሰ» በኋላ ግራፊክሱን አላገኝም ሊል ይችላል። ኢንቴል ራሱ ዳይሬክትኤክስ 12 የግድ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች 15.40.42.5063 ወደተባለው ወይም ከዚያ ወደቀደመው ስሪት መመለስን እንደ አማራጭ አቅርቧል።

መመለሱ ግን ያንን ክፍተት መልሶ መክፈት ነው። ላፕቶፑ ለፎቶ ሥራ ብቻ ተለይቶ ከኢንተርኔት ርቆ የሚውል ከሆነ ልውውጡ ሊያስኬድ ይችላል፤ የባንክ ሥራና የኢሜይል መልእክት በዚያው የሚካሄድበት ከሆነ ግን አዲሱን ድራይቨር ይዞ የሶፍትዌሩን ግራፊክስ ማፋጠኛ ማጥፋት የተሻለ ነው።